ጎጋን በኢየሩሳሌም፦ የማርቲኒክ መንደር በአበሻ ዓይን

ከኢትዮጵያ ጎዳና ወጥቶ የነቢያት ጎዳናን ለያዘ ሰው፣ ከደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ አንድ የቆየ የድንጋይ ቤት አለ። ቤቱን ያሠራው እንግሊዛዊው ሠዓሊ ዊልያም ሆልማን ሀንት ነው። ሀንት ቤት ከመሥራቱ ከብዙ ጊዜ በፊት፣ በ1854 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ፍየል አስነድቶ ወደ ሙት ባሕር ወርዶ ነበር። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 16 የሕዝቡን ኃጢአት ተሸክሞ ወደ ምድረ በዳ የሚለቀቀውን ፍየል ሊሥል ነው። ዘራፊ እንዳይመጣበት ጠመንጃውን አጠገቡ አድርጎ፣ በጨዋማው ዳርቻ ላይ ተቀምጦ የጨውን ቅርፊት፣ የተራራውን ስንጥቅ፣ የፍየሉን ጠጉር አንድ በአንድ ቀዳ። የእግዚአብሔርን ቃል ለመሣል በቃሉ ምድር መቆም፣ ያዩትንም ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ማስፈር ያስፈልጋል ብሎ ያምን ነበር። ያ ሥዕል ዛሬ የሚገኘው በእንግሊዝ አገር ነው።

ኢየሩሳሌም በምትኩ ሌላ ፍየል አግኝታለች። ይህችኛዋ ከሙት ባሕር ሳይሆን ከካሪቢያን ባሕር የመጣች ናት። በከተማይቱ ምዕራብ፣ ከአገሩ ምክር ቤት ከክኔሴት ብዙም ሳይርቅ በተቀመጠው የእስራኤል ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ፈረንሳዊው ፖል ጎጋን በ1887 የሣለው አንድ የዘይት ቀለም ሥዕል አለ። ወርዱ አንድ ሜትር እንኳ የማይሞላ ነው። አንዳንዴ «የማርቲኒክ መንደር»፣ አንዳንዴም «ሴቶችና ፍየል በመንደር» እየተባለ ይጠራል። ነገሩም ስሙ እንደሚለው ነው፤ ቤቶች፣ የቆላ ዛፎች፣ ጥቁር ሴቶች፣ አንዲት ፍየል። ተአምር የለበትም፣ ንጉሥ የለበትም። ለኢየሩሳሌም መንገደኛ ደግሞ ተአምርና ንጉሥ የሌለበት ሥዕል ብርቅ ነው።

ይህን ሥዕል ለአማርኛ አንባቢ ማስተዋወቅ የፈለግሁት ዝነኛ ስለሆነ አይደለም። ከጎጋን ሥራዎች መካከል ብዙ የሚወራለት አይደለም። የፈለግሁት ከኢትዮጵያ ጎዳና ተነሥቶ ወደዚህ ሥዕል የሚሄድ አበሻ፣ ከለንደን ወይም ከፓሪስ ከሚመጣው ጎብኚ ይልቅ ለሥዕሉ የቀረበ ዓይን አለው ብዬ ስለማምን ነው። ለምን እንደምል ቀስ ብዬ አስረዳለሁ፤ አስቀድሞ ግን ሠዓሊው እዚያ ደሴት ላይ ምን ይሠራ እንደነበር እንይ።

ጎጋን በ1848 በፓሪስ ተወለደ፤ ልጅነቱን በከፊል በፔሩ፣ በሊማ ከተማ አሳለፈ። ጎልማሳ ሲሆን የአክሲዮን ገበያ ሠራተኛ ሆኖ ጥሩ ገንዘብ ያገኝ፣ ሥዕልን ደግሞ በእሑድ ቀን ይሠራ ነበር። ዴንማርካዊት ሚስትና አምስት ልጆች ነበሩት። በ1882 የፓሪስ ገበያ ሲወድቅ ሥራውን ለቀቀና ሠዓሊ ብቻ ሆነ። ቤተሰቡ ተበተነ። በ1887 ጸደይ ላይ፣ ባዶ ኪሱን፣ ሻርል ላቫል ከሚባል ወጣት ሠዓሊ ጋር ወደ ፓናማ ተሳፈረ። በዚያን ጊዜ የስዊዝን ቦይ ያስቆፈረው ፈርዲናንድ ደ ሌሴፕስ ሁለተኛ ቦይ በፓናማ እያስቆፈረ ነበር፤ ጎጋንም ለጥቂት ጊዜ ቁፋሮ ውስጥ ገብቶ በቀን ሠራተኛነት ሠራ። ብዙም ሳይቆይ ተሰናበተ። በሰኔ ወር ሁለቱ ጓደኛሞች ፈረንሳይ ወደምትገዛት የማርቲኒክ ደሴት ተሻገሩና፣ ከሴንት ፒየር ከተማ ወጣ ብሎ ባለች አንዲት ደሳሳ ጎጆ ተቀመጡ። ጎጋን እስከ መጸው ድረስ እዚያው ቆየ። በወባና በተቅማጥ አልቆ፣ ቆዳና አጥንቱ ቀርቶ፣ በኅዳር ፈረንሳይ ተመልሶ ገባ። የኢየሩሳሌሙ ሥዕል ከእነዚያ ጥቂት ወራት የተረፈ ነው።

የሴንት ፒየርም ከተማ ዛሬ እሱ እንዳያት የለችም። በግንቦት 8 ቀን 1902 ፔሌ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ከተማዋን በደቂቃዎች ውስጥ አቃጠላት፤ ከሃያ ሺሕ በላይ ሰው አለቀ። ጎጋን ራሱ የሞተው ልክ በዓመቱ፣ በግንቦት 8 ቀን 1903፣ በሌላ ውቅያኖስ ላይ ባሉት የማርኬሳስ ደሴቶች ነው።

አሁን ወደ አሣሣሉ እንምጣ።

የጎጋን መምህር ካሚይ ፒሳሮ ነበር፤ እሱም የካሪቢያን ተወላጅ ነው። ፒሳሮና ክሎድ ሞኔ ከጓደኞቻቸው ጋር በ1874 በፓሪስ ባዘጋጁት ዐውደ ርእይ ምክንያት ኢምፕሬሽኒስት የሚል ስም ወጣላቸው። ከሥቱዲዮ ወጥተው ሜዳ ላይ ይሥሉ ነበር። ለእነሱ ጥላ ጥቁር አይደለም፤ ሰማያዊም ሐምራዊም ሊሆን ይችላል። ግድግዳ ነጭ አይደለም፤ ጠዋት ሌላ፣ ማታ ሌላ ነው። ሥራቸው ዓይን በዚያች ቅጽበት የተቀበለውን ብርሃን በአጫጭር የብሩሽ ምት መያዝ ነው። ከእነሱ በኋላ የመጡት ግን ይህ አልበቃቸውም። ፖል ሴዛን ብርሃኑ ሲያልፍ የማያልፈውን የነገሩን ጥንካሬ ፈለገ። ዦርዥ ሰራ ቀለምን በነጥብ በነጥብ እየበተነ ሕግ ሊያወጣለት ሞከረ። ቪንሰንት ቫን ጎግ የሚሰማውን በቀለም ላይ ጫነው። ጎጋን ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያስታውሰውን፣ ከማስታወስም አልፎ የሚያልመውን ለመሣል ተነሣ።

እነዚህ አራት ሰዎች አንድ ማኅበር አልነበሩም፤ ሁለቱ እንዲያውም አንድ ቤት ውስጥ ሆነው ሊስማሙ አልቻሉም። በአንድ ስም የተጠሩት አራቱም ከሞቱ በኋላ፣ በ1910 ነው፤ ሮጀር ፍራይ የተባለ እንግሊዛዊ የሥዕል ሐያሲ ሥራዎቻቸውን ለንደን ውስጥ ሲያሳይ ለዐውደ ርእዩ አንድ ስም አስፈለገውና «ድኅረ ኢምፕሬሽኒስቶች» አላቸው። ከኢምፕሬሽኒስቶች በኋላ የመጡ ማለት ነው፤ የሰነፍ ስም ነው፣ ግን ጸደቀ። ዐውደ ርእዩ የተከፈተው በኅዳር ነው። የነቢያት ጎዳናው ሆልማን ሀንት በዚያው ዓመት በመስከረም፣ በዚያችው በለንደን ዐርፎ ነበር። ጠጉር በጠጉር የሚቀዳው ሠዓሊ ሁለት ወር ቢቆይ ኖሮ ምን ይል እንደነበር መገመት አያቅትም፤ የለንደን ጋዜጦችና ጎብኚዎች በሳቅም በቁጣም ነበር የተቀበሉት። ፊቱ ጥላ የሌለው፣ ሜዳው ቀይ፣ ዙሪያው በጥቁር መስመር የታጠረ ሥዕል፣ ለእነሱ ያልተማረ ሰው ሥራ ነበር።

እዚህ ላይ ነው አበሻው የሚለየው።

ወደ ደብረ ገነት እንመለስ። ክቡ ቤተ ክርስቲያን ከ1880ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በዐፄ ዮሐንስ ዘመን ሲሠራ ቆይቶ በዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1893 ተፈጸመ። ይህ ማለት ጎጋን በማርቲኒክ ጎጆ ውስጥ ቀለም ሲቀላቅል፣ ኋላ የኢትዮጵያ ጎዳና በሚባለው ቦታ ላይ ግንበኛ ድንጋይ እየጠረበ ነበር ማለት ነው። ጫማውን አውልቆ ወደ ቅኔ ማኅሌቱ የሚገባ ምእመን፣ እዚያም ይሁን በአገሩ ገጠር፣ በመቅደሱ ዙሪያ ሥዕል እያየ ያደገ ነው። ያደገበት ሥዕል ደግሞ የራሱ ደንብ አለው። ሠዓሊው በመጀመሪያ መስመሩን ያወጣል፤ ከዚያ በየክፍሉ ቀለሙን ይሞላል፤ በመጨረሻ ዳሩን በጥቁር መልሶ ያጸናዋል። ብርሃን በዚህ በኩል ገባ፣ ጥላ በዚያ በኩል ወደቀ የሚል ሒሳብ የለም፤ ለቅዱስ ብርሃኑ ከራሱ ነው። ጻድቅ ፊቱን ሙሉ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያችኋል፤ ይሁዳና ዲያብሎስ ግን በአንድ ጎናቸው፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። የሚበልጠው ይተልቃል፣ የሚያንሰው ያንሳል፤ ርቀት አያሳንሰውም። በጎንደር ዘመን ከተሣሉት ብዙዎቹ ላይ ከቅዱሳኑ ጀርባ ያለው ሰማያዊ ሰማይ ሳይሆን ቢጫ ነው፤ ቢጫውም ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። «ሰማይ እንዴት ቢጫ ይሆናል?» ብሎ መምህሩን የሞገተ የቆሎ ተማሪ ያለ አይመስለኝም።

ጎጋን ከማርቲኒክ በተመለሰ በዓመቱ፣ በ1888፣ በብሪታኒ ገጠር «ከስብከት በኋላ የታየ ራእይ» የተባለውን ሥዕል ሠራ። ያዕቆብ ከመልአኩ ጋር ሲታገል ነው። ነጭ የራስ መሸፈኛ ያደረጉ የገጠር ሴቶች ከቅዳሴ ወጥተው ቆመው ያያሉ፤ የሚታገሉበት ሜዳ ድፍን ቀይ ነው። ጎጋን ሥዕሉን በአካባቢው ላለ ቤተ ክርስቲያን ሊሰጥ ቢያቀርብ ቄሱ አልቀበልም አለ፤ የሚቀልድበት መሰለው። የእኛ አገር ቄስ ስለ መልአኩ ክንፍ ወይም ስለ ሴቶቹ አቋቋም ብዙ ጥያቄ ያነሣ ይሆናል፤ ስለ ቀዩ ሜዳ ግን ምንም የሚል አይመስለኝም።

ስሕተት እንዳይሆን አንድ ነገር ልለይ። ጎጋን የእኛን ሥዕል አይቶ ተማረ እያልሁ አይደለም። የእሱና የወጣት ጓደኛው የኤሚል በርናር ምንጭ የጃፓን የእንጨት ኅትመት፣ የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን የቀለም መስታወትና በብረት ዳር የታጠረ የእናሜል ሥራ ነው። እኛ ደግሞ መንገዳችን በብራናና በመቅደስ ግድግዳ ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ ነገር ካለ ገበያ ነው፤ በዚያ ዘመን በቆርቆሮ ቱቦ ታሽጎ ጎጋንን ሜዳ እንዲወጣ ያስቻለው የአውሮፓ ፋብሪካ ቀለም ወደ ኢትዮጵያም እየገባ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱ ሠዓሊዎች ከአፈርና ከዕፅ ያወጡት ከነበረው ቀለም ጎን ለጎን የሚያበራ ሰማያዊና ቀይ መጠቀም ጀምረው ነበር። ጨርቅ ላይ ሥሎ ግድግዳ ላይ መለጠፍም ለእኛ ሠዓሊ አዲስ አይደለም፤ አውሮፓዊው ሸራውን በእንጨት ወጥሮ ይሰቅለዋል፣ የእኛው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያጣብቀዋል።

የኢየሩሳሌሙ የማርቲኒክ መንደር ከዚያ ቀይ ሜዳ አንድ ዓመት ይቀድማል፤ ዋጋውም ለእኔ እዚህ ላይ ነው። ሰውየው ገና እየተሻገረ ነው። የማርቲኒክ ሥዕሎቹን ቀርቦ ያየ ሰው ሁለት እጅ ያገኛል። አንደኛው የፒሳሮ ተማሪ እጅ ነው፤ ቅጠሉም መሬቱም እንደ ስፌት አክርማ ጎን ለጎን በተደረደረ አጭር የብሩሽ ምት ተሞልቷል፣ አረንጓዴ መካከል ብርቱካን፣ ብርቱካን መካከል ሰማያዊ ይገባል። ሁለተኛው እጅ ገና የሚመጣው ጎጋን ነው። የሴቶቹ አካል ዙሪያው ይጠበቃል፣ ልብሱ በአንድ ቀለም ይዘጋል፣ መሬቱ ወደ ላይ ቀና ብሎ ሰማዩን ያጣብበዋል። ርቀቱ በአየር ጭጋግ አይጠፋም። ሁለቱ እጆች በአንድ ሸራ ላይ ሲሠሩ ማየት፣ ከደረሰው ጌታ ሥራ ይልቅ የበለጠ ያስተምራል።

ይሁን እንጂ ዘመድነቱን አናጋንን። በአንድ ነገር አባቶቻችንና ጎጋን አይገናኙም፤ በመልክዓ ምድር። የእኛ ጥንታዊ ሥዕል መንደርን ስለ መንደርነቱ አልሣለም። አብርሃም ይስሐቅን ሊሠዋ ሲል በጉ ዕፀ ሳቤቅ ላይ ታስሮ ይታያል፤ ያቺ አንዲት ዛፍ ጫካውንም ተራራውንም ወክላ ትቆማለች። ሠዓሊው ደን ሣል ተብሎ አልታዘዘም። ቤትም ቢሆን ንጉሥ የሚቀመጥበት ወይም እመቤታችን የምትገኝበት እንዲሆን ብቻ ይሣላል። ሰው የሌለበት፣ ታሪክ የማይነገርበት ቦታ ለምን ይሣላል? ይህን ጥያቄ የእኛ ሠዓሊዎች በሰፊው ያነሡት ሥዕል በዘመናዊ ትምህርት ቤት መማር ከጀመሩ ወዲህ፣ በሃያኛው መቶ ዘመን ነው።

ግን ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን የቦታ ስሜት የላቸውም ማለት አይቻልም። በጎልጎታ፣ በዴር ሡልጣን፣ በአርባዕቱ እንስሳ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ንግሥተ ሳባ በሰሎሞን ፊት የቆመችበት ትልቅ ሥዕል አለ። ልብ ብላችሁ ብታዩ ከሰሎሞን ሰዎች መካከል ሐሲዲም የሚባሉትን የዛሬዎቹን አጥባቂ አይሁድ መስለው የለበሱ አሉ። ሠዓሊው የንጉሥ ሰሎሞንን ቤተ መንግሥት ሲያስብ፣ ከኢትዮጵያ ጎዳና እታች ሜአ ሸዓሪም የሚመላለሱትን ጎረቤቶቻችንን አልዘነጋም። ይህ ከሆልማን ሀንት ጥንቃቄ ጋር ሲነጻጸር ስሕተት ነው፤ በጎጋን ሚዛን ግን ትክክለኛ ሥራ ነው። ያየውን ከሚያምነው ጋር አዋሕዶ አስቀመጠው።

የማርቲኒኩን መንደር ሳደንቅ አንድ የሚከነክነኝ ጉዳይም አለ። በማርቲኒክ ባርነት የተሻረው በ1848፣ ጎጋን በተወለደበት ዓመት ነው። ስለዚህ በ1887 በመንገድ ላይ ያያቸው ጎልማሶች ወላጆቻቸው፣ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ራሳቸው ባሮች የነበሩ ናቸው። ደሴቲቱ የምትኖረው በሸንኮራ አገዳ ነበር። ሴቶች በራሳቸው ላይ ከባድ ሸክም ተሸክመው በየተራራው ረጅም መንገድ እየተመላለሱ ዕቃ ያደርሱ ነበር። በጎጋን ሸራዎች ላይ ግን አገዳው እምብዛም አይታይም። ፍሬ አለ፣ ጥላ አለ፣ ወሬ አለ፤ ሸክሙም ቢኖር ዳንስ ይመስላል። ለሚስቱ የጻፈላትም ገነት እንዳገኘ ነበር። ገነቱን የሚያርስለትን ሰው ድካም ትቶ ገነቱን ብቻ ወሰደ።

ይህ ልማድ ከእሱ ጋር እስከ መጨረሻ ሄደ። በዚያው በእስራኤል ሙዚየም ስብስብ ውስጥ በ1891 በታሂቲ የሣለው የእሳት ዳር ጭፈራ ሥዕል አለ፤ በታሂቲ ሳለ ገና በአሥራዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረች ልጅ ሚስት አድርጎ ይኖር ነበር። ሥዕሉን ስናይ ይህን መርሳት የለብንም። እኔ ሥዕሉን ከግድግዳ አውርዱ ከሚሉት ወገን አይደለሁም፤ ግን «የዋህ መንደር፣ ደስተኛ ሕዝብ» የሚለውን ወሬ ከነቀለሙ አልቀበልም።

እኛም እኮ ይህን ወሬ ለራሳችን እየሸጥን ነው። አዲስ አበባ፣ ቸርችል ጎዳና ላይ ባሉት የስጦታ ዕቃ ሱቆች የሚደረደሩትን ሥዕሎች አስታውሱ፤ ሁለት ጎጆ፣ እንስራ ያዘለች ሴት፣ ከኋላ የምትጠልቅ ብርቱካን ፀሐይ። የጎጋን ጎጆ በብዙ እጅ ተላልፎ እዚያ ደርሷል። የሚለየው ጎጋን ቢያንስ ቀለሙን አስቦበት ነበር። የውኃውን መንገድ ርዝመት የምታውቀው እንስራዋን ያዘለችው ሴት ግን በሁለቱም ሥዕል አልተጠየቀችም።

የማርቲኒክ ሥዕሎች ታሪክ በደሴቲቱ አላበቃም። ጎጋን ፓሪስ ሲደርስ ሥዕሎቹን ካዩት ሰዎች መካከል ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፤ የሥዕል ነጋዴው ቴኦ ቫን ጎግና ታላቅ ወንድሙ ቪንሰንት። ቴኦ ከማርቲኒኮቹ አንዱን፣ በማንጎ ዛፍ ሥር ፍሬ የሚለቅሙ ሴቶች ያሉበትን፣ ገዛ። ቪንሰንት ገንዘብ ስለሌለው በልዋጭ ወሰደ፤ የራሱን ሁለት የሱፍ አበባ ሥዕሎች ሰጥቶ አንድ የማርቲኒክ ገጽታ ተቀበለ። በኋላ ዓለም የሚነጋገርበት የሁለቱ ጓደኝነት የተጀመረው በዚህ ንግድ ነው። በየካቲት 1888 ቪንሰንት ወደ ደቡብ ፈረንሳይ፣ ወደ አርል ወረደ። ጎጋን በፀሐይ ሀገር ያገኘውን ቀለም እሱም ሊያገኝ ነበር። በጥቅምት ጎጋን መጥቶ አብሮት ተቀመጠ፤ ሁለት ወር ያህል ቆዩ፤ በታኅሣሥ ተጣሉና ቪንሰንት ጆሮውን ቆረጠ። ይህን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ አልፈዋለሁ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ከዚያ በፊት ያለውን ሰኔ ነው። የእስራኤል ሙዚየም ከዚያ ሰኔ አንድ ሸራ አለው፤ «መከር በፕሮቫንስ» ይባላል፤ ቁመቱ ግማሽ ሜትር፣ ወርዱ ስድሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ስንዴ ነው፤ ነዶ ነው፤ ቢጫ ነው። በዚያ ሰሞን ቪንሰንት ከስንዴው ጋር ተሽቀዳድሞ፣ ሳምንት በሚያህል ጊዜ ውስጥ አሥር ያህል የመከር ሥዕል ሠራ፤ ከዚያ ዝናብ መጣና ሥራውን አቋረጠው። አጨዳ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ጥድፊያ ይረዳዋል። የደረሰ እህል አይጠብቅም፤ ደመና ሲታይ ማጭድ ያለው ሁሉ ይወጣል። ቪንሰንት ደግሞ ማጭዱ ብሩሽ ነው፤ የቀለሙን ጭቃ በወፍራሙ እየጫነ፣ ሳይደርቅ ሌላውን እያስከተለ ይሄዳል። ቢጫው ከእርሳስ የሚሠራ የክሮም ቀለም ዓይነት ሲሆን በብርሃን ብዛት እየጠቆረ የሚሄድ ነው። ብዙዎቹ የቫን ጎግ ቢጫዎች ሠዓሊው ካያቸው ይልቅ ዛሬ ጠይመው የሚታዩት በዚህ የተነሣ ነው።

እዚያ ነዶ ፊት ስቆም ሁልጊዜ 1888 የሚለው ዓመት ይከብደኛል። ለእኛ ያ ዓመት ክፉ ቀን የገባበት ነው። በ1887 መጨረሻ አካባቢ ጣልያኖች በምጽዋ ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የመጣው የከብት ወረርሽኝ በሬውን ፈጀው፤ በሬ ሲያልቅ እርሻው ቆመ፤ ድርቅና አንበጣም ተጨመሩበት፤ እስከ 1892 ድረስ አገሩ ባዶ ሆነ። ቪንሰንት ስለዚህ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ሊያውቅም አይገባውም ነበር። ግን ሥዕል የሚታየው በሚያየው ሰው ዓይን ነውና፣ የአበሻ ልጅ ያንን የተትረፈረፈ ነዶ ሲያይ ያንኑ ዓመት በአገሩ ያልታጨደውን ማሳ ቢያስብ ሠዓሊውን አልበደለም።

ሙዚየሙ ራሱ መንደር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1965 ሲከፈት ንድፉን ያወጡት አልፍሬድ ማንስፌልድና ዶራ ጋድ አንድ ትልቅ ቤት ከመሥራት ይልቅ ትናንሽ ባለ አራት ማዕዘን ክፍሎችን በኮረብታው ላይ እያያያዙ ደረደሩ፤ በሜዲትራኒያን ኮረብቶች ላይ እንደተሠሩት መንደሮች ቀስ በቀስ እንዲያድግ ነው። አብዛኛው ጎብኚ የሚመጣው ለሙት ባሕር ጥቅልሎች ነው። የጥቅልሎቹን ነጭ ጉልላት አይቶ ከመውጣት ይልቅ ወደ አውሮፓ ሥዕሎች ክፍል መዝለቅ ያዋጣል። ሙዚየሞች ሥዕል ያፈራርቃሉ፣ ያውሳሉም፤ የማርቲኒኩ መንደር በዚያ ቀን ተሰቅሎ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

ካለ መጀመሪያ ራቅ ብላችሁ፣ ዓይናችሁን ጠበብ አድርጋችሁ እዩት፤ ሴቶቹና ፍየሏ ጠፍተው የቀለም ቦታዎች ብቻ ይቀራሉ። ከዚያ ብሩሹ እስኪታይ ቅረቡ፤ ጠባቂው እስኪቆጣ ድረስ ግን አይደለም። እዚያው ሙዚየም ያለውን የሴዛንን የወንዝ ዳር የገጠር ቤት ካገኛችሁት ከጎጋን ጋር አነጻጽሩት። ሴዛን ቤቱን በቀለም ይገነባዋል፤ ግድግዳው ክብደት አለው፣ ውኃውም ሳይቀር ይጸናል። ጎጋን ግን መንደሩን እንደ ጌጥ ይዘረጋዋል። ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል ለሚለኝ ሴዛን እላለሁ፤ የትኛው ይቀርበኛል ለሚለኝ መልሱ ሌላ ነው።

ወደ ደብረ ገነት ስትመለሱ፣ ከኢትዮጵያ ጎዳና ጥቂት ራቅ ብሎ ከያፎ ጎዳና አጠገብ ያለውን የቲኮ ቤት አትለፉት። አና ቲኮ በ1894 በብርኖ ከተማ ተወልዳ፣ በቪየና ሥዕል ተምራ፣ በ1912 ኢየሩሳሌም ገባች። የአጎቷን ልጅ የዓይን ሐኪሙን ዶክተር አብርሃም ቲኮን አገባች፤ ቤቱን በ1924 ገዙትና እሱ ምድር ቤቱን የዓይን ክሊኒክ አደረገው። በዚያ ዘመን ትራኮማ ከተማውን ያሳውር ነበር። አና ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት አልሣለችም፤ የይሁዳ ተራሮች ብርሃን በቪየና ከለመደችው ጋር አልገጥም ብሏት ነበር። በኋላ ስትጀምር ቀለሙን ወደ ጎን ትታ በእርሳስ፣ በብዕርና በከሰል ተራራውን፣ ወይራውን፣ በየኮረብታው የተጣበቁትን መንደሮች በመስመር ብቻ ለዐሥርት ዓመታት ሠራቻቸው። በ1980 ስትሞት ቤቷንና ስብስቧን ለእስራኤል ሙዚየም አወረሰች፤ ቤቱም በ1984 ለሕዝብ ተከፈተ። በጎጋን ቀለም የደከመ ዓይን እዚያ ሄዶ የመስመር ሥራ ማየት ይችላል፤ ግቢውም ዛፍ አለው፣ ቡናም ይሸጣል።